ብሉዝና ጃዝ የቆሙባቸው የዜማ መሠረቶች

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን የተሰናዳ ትምህርት

ዜማ ሁሉ የየራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ያልተማረ ሰው ግን የሌላ አገር ዜማ በሰማ ጊዜ ጫጫታ ነው ብሎ ይተወዋል። መሰንቆ ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ ባንዲት ጭራ ምን ሊባል ይቻላል ብሎ ይንቀው ይኾናል፤ አዋቂው ግን በዚያች ባንዲት ጭራ ስንት ነገር እንደሚነገር ያውቃል። እንደዚሁም በአሜሪቃ ጥቁር ሕዝብ መካከል የተወለዱት ብሉዝና ጃዝ በብዙ ሰው ዘንድ ልክና ቍጥር የሌላቸው፥ በስሜት ብቻ የሚጮኹ ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱም ሕፃን በጣቱ እየቈጠረ ሊማራቸው የሚችል መሠረቶች አሏቸው።

ይህ ትምህርት እነዚያን መሠረቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ደግሞም በዜማ ውስጥ ነፃነትና ልክ ባላንጣዎች አለመኾናቸውን ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ልደታቸው

በ1619 ከአፍሪቃ በግድ የተወሰዱ ሰዎች በእንግሊዝ እጅ ወደነበረው ወደ ቨርጂንያ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጥቁሮች በትምባኾ፥ በሩዝና በጥጥ እርሻ እንደ ከብት እየተሸጡና እየተለወጡ በባርነት ሠሩ። ባርነት በመላው የአሜሪቃ መንግሥት በሕግ የቀረው በ1865 ነው።

በዚያ ዘመን ጌቶቹ ሁለት ነገር ይፈሩ ነበር፤ ከበሮንና ፊደልን። ሳውዝ ካሮላይና በተባለው ግዛት በ1739 ባርያዎች ዐምፀው ነበርና፥ በማግሥቱ ዓመት በ1740 የወጣው ሕግ ባርያ ከበሮና ቀንደ መለከት እንዳይዝ፥ መጻፍም እንዳይማር ከለከለ። ከበሮ ሕዝብን ይሰበስባል፤ ጽሕፈት ሐሳብን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳል፤ ስለዚህ ሁለቱም ባንድ ሕግ ተዘጉ። ነገር ግን እጅና እግርን የሚከለክል ሕግ ሊገኝ አይችልም። ከበሮ የተነሣው ሰው መዳፉን መዳፍ ላይ፥ መዳፉን ጉልበት ላይ እየመታ፥ ምድሩንም በእግሩ እየረገጠ የአባቶቹን ምት ጠበቀ።

በእርሻው ላይም አንድ መሪ ቃል ሲያወጣ ሌሎቹ በመጥረቢያውና በዶማው ምት ይቀበሉት ነበር። በደቦ አጨዳ ጊዜ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ያየ የገጠር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የደቦ ሠራተኛ ዛሬ ላገዘው ጎረቤቱ ነገ ይመጣለታል፤ ባርያው ግን ጕልበቱን ለማይመልስለት ጌታ ይሠራ ነበር። ማውጣትና መቀበል የብሉዝም የጃዝም የመጀመሪያው መሠረት ነው።

2ኛ፤ ስለ ብሉዝ ግጥምና ልክ

ብሉዝ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ከሚለው ቃል የወጣ ሲኾን፥ በዚያ አገር አነጋገር የልብ ሐዘንንና ትካዜን ያመለክታል። ዜማው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በደቡብ አሜሪቃ ግዛቶች፥ ይልቁንም በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ባለው የጥጥ አገር ተስፋፋ። መጀመሪያ የሚታወቀው በቃል ብቻ ነበር። በ1873 በአላባማ የተወለደው ዊልያም ክሪስቶፈር ሃንዲ የተባለው ሙዚቀኛ ግን ብሉዝን በኖታ እየጻፈ በ1912 እና በ1914 አሳተመ። ይህ ሰው ልጅ ሳለ ገንዘብ አጠራቅሞ ጊታር ቢገዛ፥ ሰባኪ የነበረው አባቱ ተቈጥቶ ጊታሩን በመዝገበ ቃላት እንዳስለወጠው በታሪኩ ጽፏል። ኋላም በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ ውስጥ በአንድ የባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ፥ ልብሱ ያለቀ አንድ ጥቁር ሰው በጊታር አውታር ላይ ቢላዋ እየጫነ ሲያንጐራጕር ሰማ። የተማረው ሙዚቀኛ በዚያን ቀን ካልተማረው ተማረ።

የተለመደው የብሉዝ ግጥም ሦስት ስንኝ ነው። መጀመሪያው ስንኝ ይባላል፤ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል፤ ሦስተኛው መልሱን ወይም ፍርዱን ያመጣል። አሠራሩን ለማሳየት በአማርኛ እንዲህ ተደርጎ ሊገጠም ይቻላል፤

ዘሩ ደረቀብኝ፥ ደመናው ተመልሶ፤
ዘሩ ደረቀብኝ፥ ደመናው ተመልሶ፤
ምን ሊበላ ኖሯል፥ ሰው መሬቱን አርሶ።

መጀመሪያው ስንኝ የሚደገመው ቃል ጠፍቶ አይደለም። ሐዘንተኛ ሰው ነገሩን አንድ ጊዜ ቢናገር አይወጣለትም፤ ሰሚውም በሁለተኛው ጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ምን ይኾን እያለ በልቡ ይጠብቃል። ደግሞም ገጣሚው ግጥሙን በዚያው ቅጽበት የሚያፈልቅ ከኾነ፥ በድጋሚው ጊዜ መልሱን ያስባል።

የዜማው ልክ ደግሞ እንዲህ ነው። አራት ምት ተሰብስቦ አንድ መስፈሪያ ይባላል። ለያንዳንዱ ስንኝ አራት መስፈሪያ ይሰጠዋል፤ ሦስቱ ስንኝ በጠቅላላው 12 መስፈሪያ፥ ማለት 48 ምት ይኾናል። ዘፋኙ ግን አራቱን መስፈሪያ በቃል አይሞላውም። ሁለቱን ያህል ይዘፍንበትና የቀሩትን ሁለት ለመሣሪያው ይተውለታል፤ መሣሪያውም ለቃሉ መልስ ይሰጣል። በ1925 ቤሲ ስሚዝ የተባለችው ታላቅ ዘፋኝ ሃንዲ የደረሰውን የሴንት ሉዊስ ብሉዝ በሸክላ ስታስቀርጽ፥ ሉዊስ አርምስትሮንግ ከያንዳንዱ ቃሏ በኋላ በኮርኔት ይመልስላት ነበር። ያን ሸክላ የሰማ ሰው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ የሰማ ይመስለዋል።

3ኛ፤ ስለ ሦስቱ ኅብረ ድምፆች

በአውሮጳ ትምህርት የዜማ ድምፆች እንደ መሰላል በሰባት ደረጃ ይቈጠራሉ፤ ስምንተኛው የመጀመሪያው ዳግመኛ በከፍታ ሲመጣ ነው። ከነዚህ ድምፆች ሦስት ወይም አራት ያህሉ ባንድ ጊዜ ተባብረው ሲሰሙ ኅብረ ድምፅ ይባላሉ፤ ፈረንሳዮች አኮርድ የሚሉት ነው። ብሉዝ ሦስት ኅብረ ድምፅ ይበቃዋል፤ እነርሱም በ1ኛው፥ በ4ኛውና በ5ኛው ደረጃ ላይ የተመሠረቱት ናቸው። ለ12ቱ መስፈሪያ የሚከፋፈሉት እንደሚከተለው ነው፤

ከ1 እስከ 4 ያለው መስፈሪያ፤ 1ኛ ደረጃ።
5 እና 6፤ 4ኛ ደረጃ።
7 እና 8፤ 1ኛ ደረጃ።
9፤ 5ኛ ደረጃ።
10፤ 4ኛ ደረጃ።
11 እና 12፤ 1ኛ ደረጃ።

መምህሩ ይህን በምሳሌ ቢያስረዳ ይቀላል። 1ኛው ደረጃ ቤት ነው፤ 4ኛው ደጅ ነው፤ 5ኛው ሩቅ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ ሰውየው በቤቱ ተቀምጦ ነገሩን ይናገራል። በሁለተኛው ስንኝ ያንኑ ቃል ይዞ ወደ ደጅ ይወጣና ይመለሳል፤ ቃሉ አንድ ሲኾን ከሥሩ ያለው ድምፅ ስለ ተለወጠ ስሜቱ ሌላ ይኾናል። በሦስተኛው ስንኝ እስከ ሩቅ መንገድ ይሄድና በደጁ አልፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ዙር ሲፈጸም ሌላ ግጥም ይዞ እንደገና ይጀመራል። በአንዳንድ ዘፋኞች ዘንድ ልኩ ሲያጥር ወይም ሲረዝም፥ ኅብረ ድምፁም ሲለዋወጥ ይገኛል፤ ለተማሪ ግን ከዚህ ከተለመደው መጀመር ይሻላል።

4ኛ፤ ስለሚታጠፈው ድምፅ

በደረጃው መሰላል ላይ 3ኛው፥ 5ኛውና 7ኛው ድምፅ በብሉዝ ጊዜ ከቦታቸው ጥቂት ዝቅ ይላሉ። ዝቅታቸውም ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ዘፋኙ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ሲስባቸው ወይም ከላይ ሲያወርዳቸው በሁለት ደረጃ መካከል ይንከራተታሉ። እነዚህን ሙዚቀኞቹ ሰማያዊ ድምፆች ይሏቸዋል፤ የሐዘኑ ቃና የሚገኘው ከነርሱ ነው።

ፒያኖ ድምፁ በየቍልፉ የተወሰነ ስለ ኾነ ይህን በትክክል ሊያደርግ አይችልም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ሁለት ጎረቤት ቍልፎችን አቀራርቦ በመምታት ያስመስላል። ጊታር መቺ አውታሩን በጣቱ ይገፋል፥ ወይም ቢላዋና የጠርሙስ አንገት እየጫነ ያንሸራትታል። ይህን ለተማሪ ለማሳየት ከመሰንቆ የሚሻል መሣሪያ የለም፤ የመሰንቆ ጣት በጭራዋ ላይ ካንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ መንሸራተት ይችላልና።

ነገር ግን መምህሩ አንድ ስሕተት ይጠንቀቅ። የብሉዝን ድምፅ ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ ጋራ አንድ ነው ብሎ አያስተምር። የኛዎቹ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙና የየራሳቸው ርቀት ያላቸው ናቸው። ትዝታም ብሉዝም ትካዜን ይናገራሉ፤ ሁለት ሰዎች ስላለቀሱ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው አይባልም።

5ኛ፤ ስለ ምት

በብዙ የአውሮጳ ሰልፍ ሙዚቃ ከአራቱ ምት የሚጠነክሩት 1ኛውና 3ኛው ናቸው። በብሉዝና በጃዝ ግን ጭብጨባው የሚያርፈው በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ነው። ይህ ትንሽ ለውጥ ሰውነትን ሁሉ ያነቃንቃል።

ሁለተኛው ነገር አንዱ ምት ለሁለት ሲከፈል እኩል አለመከፈሉ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ይረዝማል፤ ሁለተኛው ያጥራል። ይህን ስዊንግ ይሉታል፤ መወዛወዝ ማለት ነው። ለተማሪ ለማስረዳት አንዱን ምት አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ ማስቈጠርና በአንድና በሦስት ላይ ብቻ ድምፅ ማሰማት ይበቃል። ዜማው ሲፈጥን ክፍያው ወደ እኩልነት ይቀርባል፤ ሲዘገይ ደግሞ ርዝመቱና እጥረቱ ይለያያል።

ሦስተኛው ነገር ዜማው ከተጠበቀበት ስፍራ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መድረሱ ነው። እግር ቀጥ ብሎ ይቈጥራል፤ ድምፅ ግን በእግሩ መካከል ይገባል። ይህን ማድረግ የሚችለው ልኩን በልቡ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ልኩን ያልያዘ ሰው ቢዘገይ ሳተ ይባላል እንጂ አሳመረ አይባልም።

6ኛ፤ ስለ ጃዝ

ኒው ኦርሊንስ የተባለችው የወደብ ከተማ በፈረንሳይና በእስፓኝ ገዢዎች እጅ የቈየች ስለ ነበረች ልዩ ልዩ ሕዝብ ይገናኝባት ነበር። በባርነት ዘመን ጥቁሮች እሑድ እሑድ ኮንጎ አደባባይ በተባለው ስፍራ ተሰብስበው ይዘፍኑና ይጨፍሩ ነበር። ከባርነት ነፃ ከወጡም በኋላ የወታደር ሙዚቃ መሣሪያዎችን፥ ኮርኔትን፥ ክላሪኔትንና ትሮምቦንን ይዘው በሰልፍና በቀብር ላይ መጫወት ለመዱ። ከነዚህ መሣሪያዎችና ከብሉዝ፥ ከመንፈሳዊ መዝሙርና ራግታይም ከተባለው የፒያኖ ጨዋታ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ጃዝ ተወለደ።

በ1917 የመጀመሪያውን የጃዝ ሸክላ በኒው ዮርክ ያስቀረጹት ከኒው ኦርሊንስ የሄዱ ነጮች ነበሩ። ዜማውን ካበጁት ጥቁሮች መካከል ታላቅ መምህር የነበረው ጆ ኦሊቨር ከጓዶቹ ጋራ ያስቀረጸው ግን በ1923 ነው። ስለዚህ መዝገብ ላይ መጀመሪያ የተጻፈ ስም ሁሉ የመጀመሪያው ፈጣሪ እንዳልኾነ ተማሪዎች ይወቁ።

በቀድሞው የኒው ኦርሊንስ ጃዝ ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ኮርኔት ዋናውን ዜማ ይመራል፤ ክላሪኔት ከበላዩ ይጠልፋል፤ ትሮምቦን ከሥሩ ይሞላል፤ ከበሮ፥ ባንጆ፥ ፒያኖና ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ምቱንና ኅብረ ድምፁን ይጠብቃሉ። የዜማው አንድ ዙር ወይ የብሉዝ 12 መስፈሪያ ነው፤ ወይም ብዙ ጊዜ 32 መስፈሪያ ኾኖ በስምንት በስምንት ለአራት ይከፈላል። ከአራቱ ክፍሎች 1ኛው፥ 2ኛውና 4ኛው ዜማቸው አንድ ነው፤ 3ኛው ብቻ ይለያል።

መጀመሪያ ሁሉም ዜማውን ያሰማሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተራውን ሲያገኝ፥ የዙሩን ልክና ኅብረ ድምፅ ሳይለቅ፥ በዚያው ቅጽበት አዲስ ዜማ ያፈልቃል። የጃዝ ልብ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ያላዋቂ ሰሚ ሙዚቀኛው እንደ ፈለገ የሚያደርግ ይመስለዋል። የቅኔን ትምህርት የሚያውቅ ሽማግሌ ግን አይሳሳትም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት እንዲኾን የተወሰነ ነው፤ ተማሪው ግን የትናንቱን ሳይደግም በየቀኑ አዲስ ይዘርፋል። ልኩ የቀደሙት ነው፤ ምሥጢሩ የራሱ ነው። የጃዝ ሙዚቀኛም እንዲሁ ነው፤ 12ቱን መስፈሪያ ከመምህሩ ተቀበለ፤ የሚሞላበትን ግን ከራሱ ያመጣል።

ይህን ጥበብ ከፍ ካደረጉት አንዱ በ1901 በኒው ኦርሊንስ በድህነት የተወለደው ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው። በ1913 በአዲስ ዓመት ሌሊት ሽጉጥ በመተኰሱ ተይዞ ወደ ልጆች ማረሚያ ተላከ። በዚያ ፒተር ዴቪስ የተባለው መምህር ኮርኔት አስተማረው። በ1922 ኦሊቨር ወደ ቺካጎ ጠራው፤ በ1928ም ዌስት ኤንድ ብሉዝ የተባለውን በሸክላ አስቀረጸ። ያ ሥራ በ12 መስፈሪያ የተሠራ ብሉዝ ነው፤ መግቢያው ግን አርምስትሮንግ ብቻውን የሚነፋው ስለ ኾነ እስከ ዛሬ ተማሪዎች ያጠኑታል። በማረሚያ ቤት የነበረው ልጅ መምህር ባያገኝ ኖሮ ዓለም ይህን ባልሰማ ነበር።

7ኛ፤ ከኢትዮጵያ ጋራ ስላለው ግንኙነት

በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪቃ ቦስተን በበርክሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ተምረው፥ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ኅብረ ድምፅና ምት ጋራ አዋሐዱ፤ ይህም ኢትዮ ጃዝ ተባለ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን የተባለው ታላቅ የጃዝ ደራሲ ከሙዚቀኞቹ ጋራ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም የክብር ኒሻን ተቀበለ። ሙላቱ ሥራቸው የሠመረላቸው ሁለቱን ሥርዓቶች ለየብቻ ጠንቅቀው ስላወቁ ነው። ሳያውቁ መደባለቅ ሁለቱንም ማጥፋት ይኾናል።

8ኛ፤ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ ማስተማር

የሙዚቃ መሣሪያ የለንም የሚል መምህር ይህን ትምህርት አይተወው። ዜማውን የፈጠሩት ሰዎች ከበሮ እንኳ ተከልክለው ነበርና።

መምህሩ ተማሪዎቹን በሦስት ይክፈል። የመጀመሪያው ክፍል በእግሩ አራቱን ምት እኩል ይርገጥ። ሁለተኛው ክፍል በ2ኛውና በ4ኛው ምት ብቻ ያጨብጭብ። ሦስተኛው ክፍል አፉን ገጥሞ የኅብረ ድምፁን መሠረት ድምፅ ያዚም፤ መምህሩም አንድ ጣት፥ አራት ጣት ወይም አምስት ጣት እያሳየ ወደየትኛው ደረጃ መሄድ እንዳለባቸው ያመልክት። ይህ ሳይናወጥ 12 መስፈሪያ ከተፈጸመ በኋላ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ስንኙን በሁለት መስፈሪያ ያውጣ፤ ጓደኛው በፉጨት ወይም በዋሽንት በሁለት መስፈሪያ ይመልስለት።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት አጨብጫቢዎቹ እየቸኰሉ እግረኞቹን ማስሮጣቸው ነው። ያን ጊዜ ዜማውን አቁሞ ከዝግታ መጀመር ይገባል። ሁለተኛው ስሕተት መላሹ የአውጪውን ቃል ሳያዳምጥ የራሱን ብቻ ማሰቡ ነው። ያልሰማ ሰው ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህ ጃዝ ከማስጮኹ በፊት መስማትን ያስተምራል። ግጥሙንም ተማሪዎቹ ራሳቸው፥ በአገራቸውና በቤታቸው ከሚያውቁት ነገር ይግጠሙት።

የመመርመሪያ ጥያቄዎች፤

1፤ በብሉዝ አንድ ዙር ስንት መስፈሪያና ስንት ምት አለ?
2፤ 1ኛው ደረጃ በ12ቱ መስፈሪያ ውስጥ ስንት መስፈሪያ ይይዛል? 4ኛውስ? 5ኛውስ?
3፤ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ሲደግም ስሜቱ የሚለወጠው ስለ ምንድር ነው?
4፤ ፒያኖ የማይችለውን መሰንቆ የሚችለው ስለ ምንድር ነው?
5፤ የቅኔ ተማሪና የጃዝ ሙዚቀኛ በምን ይመሳሰላሉ?

በመጨረሻ መምህሩ ስለ ዜማው ሲያስተምር የተፈጠረበትን መከራ አይሸሽግ፤ ሕዝቡንም እንደ ምስኪን ብቻ አያሳይ። ከበሮውን ቢነጥቋቸው በእጃቸው መቱ፤ ፊደሉን ቢከለክሏቸው ነገራቸውን በዜማ አኖሩ፤ ነፃነታቸውን ቢወስዱባቸው በአርባ ስምንት ምት ውስጥ ለራሳቸው ነፃ ስፍራ አበጁ። ተማሪ ይህን ሲረዳ ልክ ያለው ነገር እስራት አለመኾኑን ይማራል፤ የሌላውንም ሕዝብ ዜማ ሳይመረምር ጫጫታ ነው አይልም።